ኢስታንቡል ሄጄ የጡት ኢምፕላንት ለማስተከል እያሰብኩ ነው፤ ጎንደር ከተመለስኩ በኋላ ስለሚመጡ ችግሮች የምታውቁ አስረዱኝ

ጥያቄ፦ የማራኪዋ እናት

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጎንደር ማራኪ አካባቢ የምኖር፣ ዕድሜዬ 29 የሆነ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሁለተኛዋን ልጄን ጡት ካስጣልኳት ሰባት ወር ሆኗል። ሁለቱንም ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ስላጠባሁ ጡቶቼ ከቀድሞው በጣም ቀንሰዋል። የግራው ደግሞ ከቀኙ አንሶ ስለሚታይ፣ ቀሚስ በማሰፋበት ጊዜ ሁሉ ልብስ ሰፊዋን ወደ ጥግ ጠርቼ በግራ በኩል ስፖንጅ እንድትጨምርልኝ መንገር ግድ ሆኖብኛል። ይህ ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ከመስተዋት ስሸሽ ኖሬአለሁ። ስለዚህ «ተይው፣ ይቅርብሽ» የሚል ምክር ሳይሆን ዕውቀት ፈልጌ እንደመጣሁ እንድትረዱልኝ እለምናለሁ።

አሜሪካ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ወጪውን ልትሸፍንልኝ ቃል ገብታለች። ኢስታንቡል ከሚገኝ አንድ ክሊኒክ ጋር በዋትስአፕ ተጻጽፈን፣ ፎቶግራፍ ልኬላቸው፣ በሁለት ቀን ውስጥ መልስ ሰጡኝ፦ ለእያንዳንዱ ጡት 325 ሲሲ (ሚሊ ሊትር) የሲሊኮን ጄል ኢምፕላንት (ጡት ውስጥ የሚቀበር በጄል የተሞላ ከረጢት)፣ አንድ ሌሊት ክሊኒክ፣ አራት ሌሊት ሆቴል፣ በስድስተኛው ቀን በረራ። ስለሚያስከትለው ጉዳት ስጠይቃቸው «ዕድሜ ልክ ዋስትና አለው» አሉኝ። ዋስትናው ለዕቃው ነው ወይስ ለእኔ ጤንነት ብዬ ደግሜ ብጠይቅ እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም።

እኔን ያስጨነቀኝ ቀዶ ጥገናው ራሱ ሳይሆን ከተመለስኩ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ልጅ አዝላለሁ፤ እንጀራ እጋግራለሁ፤ ፒያሳ ባለችኝ ትንሽ ሱቅ የዕቃ ካርቶን አነሣለሁ አወርዳለሁ። አንድ ሌሊት ጡቴ አብጦ ብነቃ የማንን በር አንኳኳለሁ? ከአምስት ወይም ከአሥር ዓመት በኋላ አንድ ነገር ቢፈጠርስ፣ ኢስታንቡል ያለው ሐኪም ስሜን ያስታውሰዋል? ሙያው ያላችሁም፣ በራሳችሁ ደርሶ ያያችሁትም የምታውቁትን ሳትደብቁ ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ምላሽ፦ ሐኪም ከአዘዞ

ውድ እህት፣ ጎንደር ተምሬ እዚሁ የምሠራ የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነኝ። የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት አይደለሁም፤ ኢምፕላንትም አልተክልም። ነገር ግን በሌላ አገር ተሠርተው የተመለሱ ሰዎች ችግር ሲገጥማቸው በመጀመሪያ የሚመጡት እኔን ወደመሰለ ሐኪም ስለሆነ፣ ጥያቄዎ በቀጥታ የሚመለከተኝ ነው።

ከመልእክትዎ ውስጥ አንድ ነገር ዓይኔን ያዘው። የግራ ጡትዎ ከቀኙ ያንሳል ብለዋል፤ ክሊኒኩ ግን ለሁለቱም እኩል 325 ሲሲ አዟል። እኩል ባልሆኑ ጡቶች ሥር እኩል ኢምፕላንት ቢገባ ልዩነቱ ባለበት ይቀራል፤ አንዳንዴም ጎልቶ ይወጣል። መጠኑ የሚወሰነው የደረት ስፋት በሜትር ተለክቶ፣ የቆዳው ውፍረት በጣት ተቆንጥጦ፣ ያለው የጡት ሥጋ በእጅ ተዳስሶ ነው። በማጥባት የቀነሰ ጡት ደግሞ ብዙ ጊዜ የወረደም ስለሚሆን፣ ከኢምፕላንቱ ሌላ ቆዳውን አጥብቦ ወደ ላይ የማንሣት ሥራ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ያን ጊዜ ጠባሳውም ይበዛል፣ የችግር ዕድሉም ይጨምራል። በፎቶግራፍ ብቻ ይህን ሁሉ የወሰነ ክሊኒክ ለእኔ እምነት አያሳድርብኝም።

ወደ ችግሮቹ ልግባ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሚፈራው የደም መቋጠር ነው። አንዱ ጡት ከሌላው ተለይቶ በድንገት ካበጠ፣ ከተወጠረና ሕመሙ በማስታገሻ አልበርድ ካለ፣ ከውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ታካሚዋ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ተመልሳ ደሙ መጠረግ አለበት። ይህ ሲሆን እርስዎ ገና ኢስታንቡል ስለሚሆኑ ክሊኒኩ ያይዎታል። ኢንፌክሽን ግን እንዲህ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የሚያሳየው ከጥቂት ቀናት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ማለትም እርስዎ ጎንደር ከገቡ በኋላ። መቅላት፣ ማቃጠል፣ ትኩሳት፣ ከስፌቱ የሚወጣ ፈሳሽ ከታየ አንድ ቀን እንኳ መጠበቅ አይገባም። ባክቴሪያ ኢምፕላንቱ ላይ አንዴ ከተጣበቀ መድኃኒት በቀላሉ ስለማይደርሰው፣ አንቲባዮቲክ ብቻውን ብዙ ጊዜ አያድነውም። ኢምፕላንቱ ወጥቶ፣ ቁስሉ ታጥቦ፣ ሌላ ለመትከል ወራት ይጠበቃል፤ በእነዚያ ወራት ታካሚዋ አንዱ ጡቷ ሙሉ፣ ሌላው ባዶ ሆኖ ትኖራለች።

በስድስተኛው ቀን የሚደረገው በረራ ደግሞ ብቻውን ሊታይ የሚገባው ጉዳይ ነው። ከቀዶ ጥገና በኋላ ደም በእግር ሥር ውስጥ የመርጋት ዕድሉ ይጨምራል፤ በአውሮፕላን ለሰዓታት ተቀምጦ መቆየትም ይህንኑ ያባብሳል። የረጋው ደም ተነሥቶ ሳንባ ውስጥ ከገባ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። የእርግዝና መከላከያ እንክብል የሚወስዱ ከሆነ፣ ወይም ከቤተሰብዎ ደሙ የረጋበት ሰው ካለ ይህን ሳይደብቁ ለሐኪሙ ይንገሩ። ሺሻም ሆነ ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ ቁስል መዳኑን ስለሚያዘገይ ከሳምንታት በፊት መተው አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሰውነታችን ባዕድ ነገር ሲገባበት በዙሪያው ስስ የጠባሳ ሽፋን ይሠራል፤ ይህ በሁሉም ሴት ላይ የሚሆን ነው። ችግር የሚሆነው ሽፋኑ መኮማተርና ኢምፕላንቱን መጭመቅ ሲጀምር ነው፤ በሙያው ካፕሱላር ኮንትራክቸር ይባላል። ሐኪሞች በአራት ደረጃ ይለዩታል፦ በመጀመሪያው ጡቱ ልስልስ ነው፤ በሁለተኛው ሲነካ ጠንከር ይላል እንጂ ለዓይን አይታይም፤ በሦስተኛው ቅርጹም ይለወጣል፤ በአራተኛው ይደድራል፣ ያማል። እንደገና ቀዶ ጥገና ከሚያስገድዱ ምክንያቶች ዋነኛው ይህ ነው። ደም የተቋጠረበት፣ ኢንፌክሽን የነካው ወይም ለጨረር የተጋለጠ ጡት ይበልጥ ይጠቃል።

ሌላው መቀደድ ነው። በጨው ውኃ የተሞላው ኢምፕላንት ሲቀደድ ውኃው ሰውነት ውስጥ ስለሚመጠጥ ጡቱ ወዲያው ይሟሽሻል፤ ሴትዮዋ በዓይኗ ታየዋለች። ለእርስዎ የታዘዘው የሲሊኮን ጄል ግን ተቀድዶም ጄሉ በጠባሳው ሽፋን ውስጥ ተይዞ ስለሚቆይ፣ ጡቱ ሳያምም ቅርጹም ሳይለወጥ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ለዚህ ነው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የሲሊኮን ጄል ያላት ሴት ምንም ሕመም ባይሰማትም ከተተከለላት ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ በአልትራሳውንድ ወይም በኤም አር አይ እንድትታይ፣ ከዚያም በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ እንድትደግም የሚመክረው። ይኸው መሥሪያ ቤት ኢምፕላንት ዕድሜ ልክ የሚቆይ ዕቃ እንዳልሆነ፣ ለውበት ብለው ካስተከሉት ሴቶች መካከል እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት ከ8 እስከ 10 ዓመት ባለው ጊዜ ለማስወጣት እንደሚገደዱ አስታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በምርቶቹ ላይ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍና ታካሚዋ የችግሮቹን ዝርዝር ከሐኪሟ ጋር ነጥብ በነጥብ እንድትወያይበት አስገድዷል። እርስዎ በዋትስአፕ ያገኙት «ዕድሜ ልክ ዋስትና» የሚለው ቃል ከዚህ ጋር አይገጥምም። ኢምፕላንቱ ሲቀደድ ሌላ በነፃ ይሰጡ ይሆናል፤ የአየር ቲኬቱን፣ የሰመመኑን፣ የቀዶ ጥገናውንና ከሥራ የሚቀሩበትን ቀን ማን እንደሚከፍል ግን በጽሑፍ ያስመልሱ።

የመጨረሻው ብርቅ ነው፤ ብርቅ ቢሆንም መታወቅ አለበት። ገጻቸው ሸካራ የሆኑ ኢምፕላንቶች በዙሪያቸው ባለው ሽፋን ውስጥ አንድ ዓይነት የሊምፍ ካንሰር ሊያስነሡ እንደሚችሉ ታውቋል። የጡት ካንሰር አይደለም፤ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ካንሰር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 በይፋ መዝግቦታል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 አለርጋን የተባለው ኩባንያ ባዮሴል የተሰኙ ሸካራ ምርቶቹን ከመላው ዓለም ገበያ ሲሰበስብ፣ እስከዚያ የታወቁት ታማሚዎች 573፣ የሞቱት 33 ነበሩ። ዋናው ምልክቱ ከተተከለ ዓመታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ዓመት ገደማ፣ አንዱ ጡት ፈሳሽ ሞልቶት ማበጡ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ኢምፕላንቱንና ሽፋኑን አንድ ላይ በማውጣት አብዛኛዎቹ ይድናሉ። ስለዚህ የታዘዘልዎት ለስላሳ ነው ወይስ ሸካራ? ይህን ሳያውቁ አይፈርሙ።

ሌሊት የማንን በር አንኳኳለሁ ላሉት፦ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሌሊትም ሐኪም አለ፤ መግል ማውጣት፣ ደም ማቆም፣ ኢንፌክሽን ማከም የቀዶ ሕክምና ክፍሉ የዘወትር ሥራ ነው። ለኢምፕላንቱ ራሱ፣ ማለትም ሽፋኑን ለማውጣትና በሌላ ለመተካት ግን ወደ ፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም፣ ያም ማለት ወደ አዲስ አበባ መሄድ ሊያስፈልግዎት ይችላል። ይህን ወጪና መንገድ ከመጀመሪያው ሒሳብ ውስጥ ያስገቡት።

ምላሽ፦ የፒያሳዋ

እህቴ፣ የሐኪሙን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ይህን ሳላውቅ ነበር የገባሁበት፤ ስለዚህ የደረሰብኝን እንዳለ ልንገርሽ።

በ2008 ዓ.ም. አረብ አገር በምሠራበት ጊዜ ያጠራቀምኩትን ገንዘብ ይዤ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ሐኪሙ ያነጋገረኝ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ አስተርጓሚዋም ብዙውን ነገር «ኖርማል ነው» በሚል አንድ ቃል ነበር የምትመልስልኝ። ቀዶ ጥገናው በሰላም ተጠናቀቀ፤ ቁስሉም ዳነ። የመጀመሪያውን ዓመት እጅግ ደስተኛ ነበርኩ፤ ይህን ብደብቅ ውሸት ይሆናል።

በሁለተኛው ዓመት ኮንትራቴን ጨርሼ ጎንደር ገባሁ። ቀኝ ጡቴ ቀስ በቀስ ወደ አንገቴ ከፍ እያለ መጣ። መጀመሪያ ያወቅሁት በዓይን አልነበረም፤ በእንቅልፍ ነው። በቀኝ ጎኔ ስተኛ ከሥሬ ድንጋይ የተኛሁበት ያህል ይቆረቁረኝ ጀመር። ሐምሌ ላይ ደግሞ ብርዱ ሲበረታ ጡቴ ከሌላው ገላዬ ተለይቶ ይቀዘቅዛል፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ እጄን ስጭንበት ሳህን የነካሁ ይመስለኝ ነበር። የጥምቀት ዕለት በፋሲለደስ መዋኛ በር ላይ ሕዝቡ ሲጋፋ አንዲት ሴት በክርኗ ነካችኝና ዓይኔ እንባ ሞላ። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲያቅፈኝ በግራ ትከሻዬ መቀበል ለመድኩ። እናቴ ሳይቀር «ምን አኮረፈሽ?» ብላኛለች፤ አልነገርኳትም ነበር።

ሐኪም ዘንድ ስቀርብ በመጀመሪያ የተጠየቅሁት «ምን ዓይነት ነው የገባልሽ? ካርዱ የታለ?» የሚል ነበር። የኢምፕላንቱ መለያ ቁጥር ያለበት ካርድ የሚባል ነገር እንዳለ እንኳ አላውቅም። ወደ ክሊኒኩ ስልክ ደወልኩ፤ ቁጥሩ አይሠራም። እዚያው የቀረች ጓደኛዬ ቦታው ድረስ ሄዳ ስታይ ቤቱ የሌላ ድርጅት ሆኗል። እንግዲህ ደረቴ ውስጥ ያለው ዕቃ ማን እንደሠራው፣ ለስላሳ ይሁን ሸካራ፣ ስንት ሲሲ እንደሆነ የሚናገር አንድም ወረቀት የለኝም። ማታ ማታ ስለ ፈረንሳዩ ፒ አይ ፒ የተባለ ኩባንያ አነብ ነበር፤ ለኢንዱስትሪ ሥራ የሚውል ርካሽ ሲሊኮን ሞልቶ ለብዙ አገር ሲሸጥ እ.ኤ.አ. በ2010 ተደርሶበት ምርቱ የታገደበት፣ በኋላም ባለቤቱ እስር የተፈረደበት ነው። የፈረንሳይ መንግሥት በአገሩ ላሉ 30,000 ገደማ ሴቶች እንዲያስወጡት መክሯል። እነሱ ቢያንስ የምርቱን ስም አውቀው ነበር። የእኔ እንዲህ ያለ ይሁን ደኅና ምርት ማንም ሊነግረኝ አልቻለም።

በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄጄ አስወጣሁት። ሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው በኋላ አሳየኝ፤ የቀኙ ተቀድዶ ጄሉ እንደ ማር ተጣብቆ ወጥቷል፤ ነጩ ሽፋን ደግሞ በቦታ በቦታው እንደ ዕንቁላል ቅርፊት ደርቋል። የግራው ደኅና ነበር። ወጪው ለማስተከል ከከፈልኩት እጥፍ ሆነብኝ። ሌላ አልተካሁም፤ ቆዳዬ ስለተለጠጠ አሁን ጡቶቼ ከመጀመሪያው ይልቅ ወርደዋል፤ በቀኝ ጡቴ ጫፍ ላይ ያለው ስሜትም አልተመለሰም። ሕመሙ ግን ጠፍቷል፤ በቀኜ እተኛለሁ።

ሌላም አለ። በእነዚያ ዓመታት ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና የመርሳት ነገር ነበረብኝ። ካስወጣሁ በኋላ በጣም ተሻለኝ። ሐኪሜ እንዲህ የሚሉ ብዙ ሴቶች እንዳሉ፣ ግን ይህን በደም ወይም በምስል የሚያረጋግጥ ምርመራ እንደሌለ በቅንነት ነገረኝ። ስለዚህ ከኢምፕላንቱ ነው ብዬ አልምልልሽም፤ የሆነብኝን ብቻ ነው የነገርኩሽ።

ምላሽ፦ የማራኪዋ እናት

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፒያሳዋ እህቴ፣ ማቀፍ መፍራትሽን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ልጆቼን አቀፍኳቸው። የጥያቄዬን አንድ ክፍል ረስቼው ነበር፤ እኔና ባለቤቴ ሦስተኛ ልጅ እንፈልጋለን። ኢምፕላንት ካስተከልኩ በኋላ ማጥባት እችላለሁ? ወተቱስ ልጁን አይጎዳውም?

ምላሽ፦ አዋላጅ ነርስ

እህት፣ በማዋለጃ ክፍል 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ብዙ ሴቶች ኢምፕላንት ኖሯቸው ያጠባሉ፤ ነገር ግን ወተታቸው ሳይበቃ የሚቀር እናቶች ካላስተከሉት ይልቅ በእነሱ ዘንድ ይበዛሉ። ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው የሚቀደደው ቦታ ነው። በጡት ጫፍ ዙሪያ ባለው ጠቆር ያለ ክብ ላይ ከተቀደደ የወተት ቱቦዎችና የስሜት ነርቮች ሊቆረጡ ይችላሉ። ሕፃኑ ሲጠባ ወተት እንዲወርድ መልእክቱን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ይኸው ነርቭ ስለሆነ፣ ነርቩ ሲጎዳ ወተቱ በጡት ውስጥ እያለ መውረድ እንቢ ሊል ይችላል። ከጡት ሥር ባለው እጥፋት በኩል ሲገባ ግን ቱቦዎቹ አይነኩም። ስለ ወተቱ ንጽሕና የተደረጉ ምርመራዎች ኢምፕላንት ባላቸው እናቶች ወተት ውስጥ ያለው የሲሊኮን መጠን ከሌሎቹ እናቶች ከፍ ብሎ አላገኙትም፤ በዚህ በኩል አይስጉ።

እኔ የምጨነቀው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። ሦስተኛውን ልጅ በቅርቡ የሚፈልጉ ከሆነ ጡትዎ በእርግዝና እንደገና ይሞላል፣ ሲያስጥሉ እንደገና ይቀንሳል፤ ዛሬ የተስተካከለው ቅርጽ ያን ጊዜ ሌላ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ከመቀደድ ወልደው፣ አጥብተው፣ ካስጣሉ በኋላም ጡቱ እስኪረጋ ወራት ቢታገሡ ይሻላል ባይ ነኝ። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለሳምንታት ከባድ ዕቃ ማንሣት ይከለከላል። እስቲ ያስቡት፤ የሞላ ጀሪካን፣ በአንቀልባ የታዘለ ልጅ፣ የሱቁ ካርቶን፤ አክንባሎ ለማንሣት እጅ ሲዘረጋ እንኳ የደረት ጡንቻ ይሳባል። በተለይ ኢምፕላንቱ ከጡንቻ ሥር ከገባ መጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቤት ውስጥ የሚያግዝዎት ሰው ከወዲሁ ያዘጋጁ።

ምላሽ፦ እማማ ከአራዳ

ልጄ፣ እኔ እናትሽ የምሆን ሴት ነኝና አንቺ ብዬ ልጻፍልሽ። በ46 ዓመቴ በጡት ካንሰር ምክንያት የግራ ጡቴን አስቆርጫለሁ፤ በኋላም አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ጨረር ወስጃለሁ። ኢምፕላንት ገብቶልኝ ጡቴ እንደገና እንዲሠራ ጠይቄ ነበር። ሐኪሙ ጨረር የነካው ቆዳ እንደሚደድር፣ ሽፋኑ የመኮማተር ዕድሉም በጣም ከፍ እንደሚል፣ ከራሴ ሆድ ሥጋ ተወስዶ ቢሠራ እንደሚመረጥ አስረዳኝ፤ ያም ረጅም ቀዶ ጥገና ስለሆነ ተውኩት። አሁን ከጥጥ የሰፋሁትን፣ ክብደት እንዲኖረው ጥቂት ማሽላ የጨመርኩበትን፣ በጡት መያዣዬ ውስጥ በሰፋሁለት ኪስ አስገብቼ እሄዳለሁ። ቤተ ክርስቲያንም ገበያም ስሄድ ማንም አይለይም። ለአንቺ ይህ ይበቃሻል ማለቴ አይደለም፤ ገና ልጅ ነሽ፣ ሰውነትሽም የራስሽ ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለአንድ ነገር ብዬ ነው። የግራዬ ከቀኜ አነሰ ብለሻል። ከመቼ ጀምሮ? ከማጥባት ብቻ መሆኑን ያየልሽ ሰው አለ? የእኔም የጀመረው በአንዱ ጡት መለወጥ ነበር፤ ጫፉ ትንሽ ወደ ውስጥ ሲሳብ ዕድሜ ነው ብዬ ስምንት ወር ተቀመጥኩ። አንቺን ለማስፈራራት አይደለም፤ ኢስታንቡልም ሂጂ አትሂጂ፣ በመጀመሪያ እዚሁ ተዳሰሽ።

ምላሽ፦ ሐኪም ከአዘዞ

እማማ ያሉት እኔ ማንሣት የነበረብኝ፣ ግን የዘለልኩት ነጥብ ነው፤ አመሰግናለሁ። ማንኛዋም ሴት ኢምፕላንት ከማስተከሏ በፊት ጡቷ በሐኪም እጅ መዳሰስና በአልትራሳውንድ፣ እንደ ዕድሜዋም በማሞግራም (በጡት ራጅ) መታየት አለበት። ከተተከለ በኋላ ኢምፕላንቱ በማሞግራም ላይ የጡቱን ሥጋ በከፊል ይሸፍናል፤ ስለዚህ ባለሙያው ኢምፕላንቱን ወደ ኋላ ገፍቶ ተጨማሪ ምስሎች ማንሣት አለበት። ወደፊት ለምርመራ በሄዱ ቁጥር ገና ከበሩ ላይ ኢምፕላንት እንዳለዎት ይናገሩ።

ለክሊኒኩ ደግሞ እንዲህ ብለው ይጻፉላቸው፦ የኢምፕላንቱ አምራች ማን ነው፣ የሞዴሉ መጠሪያስ? ገጹ ለስላሳ ነው ወይስ ሸካራ? የሚቀደደው በየት በኩል ነው፤ ከጡንቻ በላይ ነው ወይስ በታች? ቀዶ ጥገናውን የሚያደርገው ሐኪም ስምና የሙያ ፈቃድ ምንድን ነው፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት ራሱ ያየኛል? መለያ ቁጥሩ ያለበት ካርድ በእጄ ይሰጠኛል? ካርዱን ሲቀበሉ በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ለአክስትዎ ልጅም ይላኩላት፤ ወረቀት ይጠፋል።

ለሚያነቡ ታናናሾችም ልጨምር፤ በአሜሪካ ለውበት ተብሎ የሚደረግ የሲሊኮን ጄል ኢምፕላንት የተፈቀደው ዕድሜያቸው 22 ለሞላ ሴቶች ነው። በ18 እና በ19 ዓመታችሁ የምትጻጻፉ ካላችሁ ይህን እወቁ።

ምላሽ፦ የማራኪዋ እናት

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ባለፈው ሰኞ ተዳስሼ አልትራሳውንድ ተነሣሁ፤ እብጠት የለም፣ ልዩነቱ ከማጥባቱ የመጣ ነው ተብያለሁ። እማማ፣ የማላውቅዎት እናቴ፣ ውጤቱን እስክሰማ ድረስ ሌሊቱን ያሰብኩት እርስዎን ነው። ወረቀቱን ይዤ ስወጣ በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

የሐኪሙን ጥያቄዎች አንድ ሳላስቀር ወደ ኢስታንቡል ላክሁ። የአምራቹን ስም ነገሩኝ። ለስላሳ ወይስ ሸካራ ለሚለው «ሐኪሙ በዕለቱ ይወስናል» አሉ። ሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው በፊት የሚያየኝ በዚያው ጠዋት መሆኑንም ጻፉልኝ። ለሁለቱም ጡቶች ለምን እኩል መጠን እንዳዘዙ ስጠይቅ፣ ቅናሹ በወሩ መጨረሻ እንደሚያበቃ የሚገልጽ መልእክት መጣልኝ። ቀጠሮውን ሰርዣለሁ። የአክስቴ ልጅ ሁሉንም አስነብቤያት ገንዘቡ ያንቺ ነው፣ በፈለግሽ ጊዜ ይሁን ብላኛለች።

ከባለቤቴ ጋር ተነጋግረን ሦስተኛውን ልጅ ለማስቀደም ተስማምተናል። እስከዚያው ግን ከፋሲካ በኋላ አዲስ አበባ የምሄድበት ጉዳይ ስላለኝ፣ አንድ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም በአካል አይቶኝ ኢምፕላንት ይሁን ቆዳውን ማንሣት ለእኔ የሚሆነው የትኛው እንደሆነ እንዲነግረኝ እፈልጋለሁ። የፒያሳዋ እህቴ፣ ያስወጣልሽን ሐኪም ስም በውስጥ መልእክት ብትልኪልኝ? ሱቄ ከፖስታ ቤቱ ወረድ ብሎ ነው፤ ብትመጪ ቡና አፈላልሻለሁ።